የአያቴ ኮልት፣ የአጎቴ ኮልት

(ከታሪክና ቅርስ አስተዳደር ትምህርት ክፍል የ3ኛ ዓመት ተማሪ)

በዚህ ቡለቲን ስለ ቅርስ ብዙ ተጽፏል። የብራና መጻሕፍት እንዴት እንደሚጠበቁ፣ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ምን ዓይነት ጥገና እንደሚያስፈልጋቸው፣ የጎንደር ግንቦች በምን ሁኔታ ላይ እንዳሉ አንብበናል። ስለ ሽጉጥ የጻፈ ግን እስካሁን አላየሁም። እኔም ባልጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። ነገር ግን ባለፈው ታኅሣሥ በቤታችን የተነሣ አንድ ክርክር ስላልለቀቀኝ ለእናንተም ላካፍላችሁ ብዬ ተነሣሁ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ቨርጂኒያ የኖረው አጎቴ፣ ጋሼ እያልን የምንጠራው፣ ለእረፍት መጥቶ ነበር። አንድ ቀን ቡና ላይ ተሰብስበን ሳለ ስልኩን አወጣና ፎቶ አሳየን። ፎቶው የሽጉጥ ነው። «አያችሁ? የአባባ ኮልት ማለት ይሄ ነው፤ አንድ ለአንድ» አለ። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ አያቴ ዘንድ ደረሰ። አያቴ ዘጠና ሊሞላቸው ነው፤ ዓይናቸው ደክሟል። መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት።

«ይሄም ይተኩሳል?» አሉ።

«አዎ እማዬ፣ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ እየሄድኩ እተኩስበታለሁ።»

«እንግዲያው ምኑ ላይ ነው ማስታወሻነቱ?» ብለው ስልኩን መለሱለት።

ጋሼ ሳቀ። እኔ ግን ጥያቄው ውስጤ ቀረ። የትምህርት ክፍላችን በየሴሚስተሩ የሚያስተምረን ነገር ሁሉ እዚህ አንድ አረፍተ ነገር ውስጥ ያለ መሰለኝ። የጥንቱን ዕቃ አስመስለን እንደ አዲስ ብንሠራው ምን እናገኛለን? በተለይ ዕቃው ሰው የሚገድል ሲሆንስ?

መጀመሪያ ስለ አያቴ ባል፣ ማለትም ስለ ወንድ አያቴ ልንገራችሁ። አባባ የቃኘው ሻለቃ ጦር ዘማች ነበሩ። እንደሚታወቀው የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ከአዲስ አበባ የተነሣው በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ነው። ኮሪያ ላይ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፎ ሲዋጋ፣ በየተራ ከሄዱት ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከ120 በላይ የሚሆኑት ሕይወታቸውን ሰጥተዋል። አንድም ሰው ግን አልተማረከባቸውም። የያዙት መሣሪያ በሙሉ የአሜሪካ ስለነበር፣ የመኮንኖቹ ሽጉጥ እኛ «ኮልት» የምንለው ባለ 45 ካሊበሩ ነበር።

አባባ ኮልታቸውን ከየት እንዳገኙት በቤታችን ሁለት ታሪክ አለ። አንዱ ከኮሪያ ያመጡት ነው የሚል ነው። ሁለተኛው፣ የአያቴ ታሪክ፣ «ምን ኮሪያ! መርካቶ በሬ በሚገዛ ብር ገዝቶት ነው» የሚል ነው። እኔ አያቴን አምናለሁ፤ ምክንያቱም የቤቱን ሒሳብ የሚይዙት እሳቸው ነበሩ።

በ1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቤት ለቤት አሰሳ ሲታወጅ አባባ ኮልቱን በጆንያ ጠቅልለው፣ መጥረቢያ ይዘው፣ እንጨት እንደሚለቅም ሰው ገና ሳይነጋ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ወደ እንጦጦ ወጡ። ጋሼ ያኔ ጎረምሳ ነበር፤ ሲወጡ አይቷል። ሲመለሱ ጆንያው ባዶ ነበር፤ እንጨት እንኳ አልያዙም። ባሕር ዛፉ ውስጥ የት እንደቀበሩት ለማንም ሳይናገሩ በ1987 ዓ.ም. አረፉ።

ግን አንድ ነገር ረስተው ነበር። የሽጉጡ የቆዳ ማህደር ቁም ሣጥን ሥር ቀርቷል። አሳሾቹ ያገኙት እሱን ነው። «ማህደሩ ካለ ሽጉጡ የት አለ?» ተባሉ። መልስ አልሰጡም። ሰባት ወር ታሰሩ። በባዶ ማህደር ሰባት ወር! አያቴ እስከ ዛሬ ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው ይቀየራል። በዚያ ዘመን ሰባት ወር ታስሮ መውጣት ዕድለኝነት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

እንግዲህ የጋሼ አዲሱ ኮልት የሚነሣው ከዚህ ነው። ማህደሩ ቤታችን አለ። ሽጉጡ እንጦጦ ተራራ ውስጥ አለ፤ ወይም ዝጎ አልቋል። ጋሼ ባዶውን ቦታ ለመሙላት ቨርጂኒያ ሄዶ ሌላ ገዛ።

ስለ ሽጉጡ ትንሽ ማወቅ ስለሚያስፈልግ አንብቤ የተረዳሁትን ላካፍላችሁ። ንድፉ የጆን ብራውኒንግ ነው። የአሜሪካ ጦር በይፋ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1911 ስለሆነ ስሙም «1911» ሆኖ ቀረ። በ1920ዎቹ መጠነኛ ማሻሻያ ተደርጎለት እስከ 1985 ድረስ የጦሩ ዋና ሽጉጥ ሆኖ አገልግሏል። ካርታው ሰባት ጥይት ይይዛል። ባዶውን ከአንድ ኪሎ በላይ ይመዝናል። ሲተኮስ ላይኛው ብረት ወደ ኋላ ተንሸራቶ ቀለሁን ይተፋና ሲመለስ ሌላ ጥይት ያጎርሳል። እጀታው ጀርባ ላይ ደግሞ መዳፍ ካልጨበጠው በቀር ምላጩ ቢሳብ እንኳ እንዳይተኩስ የሚያደርግ መቆለፊያ አለው። ዛሬ ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ሽጉጦች፣ በርሜላቸው ከላይኛው ብረት ጋር ተቆልፎ ወደ ኋላ ከሄደ በኋላ ዘንበል ብሎ የሚለቅበትን ዘዴ የወረሱት ከዚህ ሰው ሥራ ነው።

የፈጠራ መብቱ ጊዜ ካለፈ ቆይቷል። ስለዚህ ዛሬ ይህን ሽጉጥ የሚሠራው ኮልት ፋብሪካ ብቻ አይደለም። በፊሊፒንስም፣ በቱርክም፣ በአሜሪካም ሌሎች ብዙ ፋብሪካዎች ይሠሩታል። የጋሼ «ኮልት» በእውነቱ ኮልት አይደለም። ትራብዞን ከተማ ያለው ቲሳሽ የተባለ የቱርክ ፋብሪካ የሠራው ነው። ቅርፁ፣ ቀለሙ፣ እጀታው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመኑን እንዲመስል ሆን ተብሎ ተሠርቷል። ብረቱ የዛሬ ብረት፣ ማሽኑ በኮምፒዩተር የሚታዘዝ ነው። ጋሼ እንደሚለው ከቆዩት ከብዙዎቹ ይልቅ ያለ ችግር ይተኩሳል፤ ዋጋውም ከእውነተኛው አሮጌ ኮልት በእጅጉ ያንሳል።

ይህን ስሰማ የመጀመሪያ ስሜቴ ንቀት ነበር። «ታዲያ ይሄ የውሸት ነዋ!» አልኩት። እኛ የቅርስ ተማሪዎች «ዋናው» እና «ቅጂው» የሚለው ነገር ደማችን ውስጥ ገብቷል። ጋሼ አልተቆጣም። «ነገ እንጦጦ እንውጣና እናውራ» አለኝ።

በማግስቱ እኔ፣ ጋሼና ታናሽ ወንድሜ ወደ እንጦጦ ፓርክ ወጣን። ፓርኩ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ከተከፈተ ወዲህ ስንት ጊዜ ሄጃለሁ፤ ከጋሼ ጋር ስሄድ ግን ሌላ ቦታ ሆነብኝ። እሱ የሚያውቀው እንጦጦ ጭው ያለ የባሕር ዛፍ ጫካ፣ ጀርባቸው የጎበጠ እንጨት ተሸካሚ እናቶች የሚወርዱበት፣ ጅብ የሚጮህበት ነው። አሁን የተነጠፈ የእግር መንገድ፣ ካፌ፣ ፈረስ፣ የብስክሌት መንገድ አለ። ጋሼ በየመታጠፊያው ቆሞ ዛፎቹን ያያል። ምን እንደሚፈልግ ገብቶኛል። አላልኩትም።

ተራራው ግን የመሣሪያን ነገር ያውቃል። ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ቆመን ለጋሼ ያጫወትኩትን ለእናንተም ልድገመው። በ1879 ዓ.ም. አርተር ራምቦ የሚባል ፈረንሳዊ ከታጁራ ተነሥቶ አፋርን አቋርጦ ወደ 2,000 የሚጠጋ ጠመንጃ በግመል ጭኖ ሸዋ ገባ። አዎ፣ ባለቅኔው ራምቦ! ቅኔውን ትቶ ነጋዴ ሆኖ ነበር። የያዘው ጠመንጃ ግን አዲስ አልነበረም። በአውሮፓ ጦር ውስጥ ከአገልግሎት ከወጣ አርባ ዓመት የሞላው ዓይነት ነው። ራሱ ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ፣ ቤልጂግ አገር ሊየዥ ላይ በሰባትና በስምንት ፍራንክ የሚገኘው አሮጌ ጠመንጃ ሸዋ ላይ አርባ ፍራንክ እንደሚሸጥ አስልቷል። ንጉሥ ምኒልክ ከሐረር ዘመቻ ሲመለሱ እዚሁ እንጦጦ ላይ ተገናኙ። ንጉሡ ዋጋውን አስቀነሱት፤ የሟች ሸሪኩን ዕዳም ቆረጡበት። የቀረውን ራስ መኮንን ሐረር ላይ እንዲከፍሉት ደብዳቤ ሰጡት። ብዙ አተርፋለሁ ያለው ሰው ከስሬ ወጣሁ እያለ አማረረ።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር እንማራለን። አባቶቻችን አሮጌውን ከአዲሱ ለይተው ያውቁ ነበር። ቋንቋችን ይመስክር። ስናድር፣ ውጅግራ፣ ምንሽር፣ በልጅግ፤ እያንዳንዱ ስም የሠሪውን ወይም የአገሩን ስም ይዞ የገባ ነው። ውጅግራ «ፉዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ፣ ምንሽር ማንሊኸር ከሚለው፣ በልጅግ ከቤልጂግ የመጣ ነው። ሲጎርስ የሚያዘገየውን አሮጌ ጠመንጃ ደግሞ «ቆመህ ጠብቀኝ» ብለው ቀለዱበት። ዕቃውን ያከብሩታል፤ አያመልኩትም። የተሻለ ሲመጣ ይለውጡታል። ዛሬ «የአባቶቼ መሣሪያ» እያልን እንደ ታቦት የምናየው ብረት ለአባቶቻችን የሥራ ዕቃ ነበር።

«ሽጉጥ» የሚለው ቃልስ? ከ«ሸጎጠ» የወጣ ነው። የተደበቀ፣ ጉያ ውስጥ የገባ ማለት ነው። ጠመንጃ ትከሻ ላይ ለሁሉ ይታያል፤ ሽጉጥ ግን ከስሙ ጀምሮ የሚሸጎጥ ነው። በታሪካችን ትልቁ የሽጉጥ ታሪክም ምን ያህል የብቻ ታሪክ እንደሆነ አስቡት። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሕይወታቸውን ያጠፉበት ሽጉጥ የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ የላከችላቸው ነበር። የወዳጅነት ማስታወሻ ተብሎ የመጣ ዕቃ! የአያቴ ጥያቄ እዚህም ይሠራል፤ የሚተኩስ ነገር ምንጊዜም ከማስታወሻነት አልፎ ሊሄድ ይችላል።

ይህን ካወራን በኋላ ወንድሜ ፔይንትቦል ካልተጫወትን ብሎ አስቸገረ። ጋሼ በስድሳ ሰባት ዓመቱ ጭምብል አድርጎ ገባ። ከዚያ ያየሁት ነገር ነው ሐሳቤን ያስቀየረኝ።

የቀለም ጥይት የምትተፋውን መጫወቻ እንደተቀበለ ፊቱ ተለወጠ። አፈሙዙን ወደ መሬት አደረገ። ጣቱን ከምላጩ ውጭ ዘርግቶ ያዘ። ወንድሜ እየሳቀ ወደ እኔ ሲያዞርብኝ ጋሼ እጁን ቀብ አደረገው። «ጣትህን! አፈሙዝህን!» አለ፤ ድምፁ የቀልድ አልነበረም። ወንድሜ «ጋሼ፣ ቀለም እኮ ነው» ሲለው፣ «ዛሬ ቀለም ነው፤ እጅህ ግን የሚማረውን ይማራል» አለው። ከዚያ ቁጭ አድርጎ አራት ነገር ነገረን። ማንኛውም መሣሪያ ጎርሷል ብለህ ያዝ። ልታጠፋው ወደማትፈልገው ነገር አፈሙዝ አታዙር። ኢላማህ ላይ ሳታነጣጥር ጣትህን ምላጭ ላይ አታስገባ። ከኢላማህ ኋላ ምን እንዳለ ሳታውቅ አትተኩስ።

ማታ ይህን ለአያቴ ስነግራቸው «እሱም እንዲያ ነበር» አሉኝ። አባባ ቤት ሲገቡ መጀመሪያ ካርታውን አውጥተው ለብቻ ያስቀምጣሉ፤ ልጅ ባለበት አይፈቱትም፤ አይወለውሉትም። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ቤት ያስቀምጡታል። ጠላ ቤት ይዘውት አይገቡም። ጠብ ካለበት ቦታ እንዲያውም ሆን ብለው ባዶ እጃቸውን ይሄዳሉ። ለካ ጋሼ የወረሰው እሱን ነው! ኮልቱ ተራራው ውስጥ ቀርቷል፤ ሥርዓቱ ግን በአባቱ እጅ በኩል ወደ እሱ እጅ ተሻግሯል። አዲሱ ሽጉጥ ቱርክ ተሠራ ቨርጂኒያ ተገዛ፣ ያንን ሥርዓት በየሁለት ሳምንቱ የሚደግምበት ዕቃ ሆኖለታል። ስለዚህ «የውሸት ነው» ያልኩትን ቃሌን አንሥቻለሁ። የጥንት ንድፍ እንደ አዲስ ተሠርቶ፣ ተመዝግቦ፣ በሕግ ተይዞ፣ በተፈቀደ የመተኮሻ ቦታ ሲተኮስበት፣ ሙዚየም መስተዋት ውስጥ ያለው አሮጌው ሊያስተምር የማይችለውን አንድ ነገር ያስተምራል። ክብደቱን፣ ግፊቱን፣ ድምፁን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ፍርሃቱን። ጋሼ የመጀመሪያዋን ጥይት ሲተኩስ ያሰበው አባባ ኮሪያ ላይ የተኮሱትን ሳይሆን ለምን ስለ ኮሪያ ዝም ይሉ እንደነበር ነው። «ድምፁን ስሰማ ዝምታው ገባኝ» አለኝ።

እስከዚህ ድረስ ከጋሼ ጋር ነኝ። ከዚህ በኋላ ግን እንለያያለን።

ይህን ታሪክ ዶርም ውስጥ ሳወራ አንዳንድ ወንድ ጓደኞቼ ዓይናቸው በራ። «ታዲያ እኛስ ለምን አይፈቀድልንም? የአርበኛ ልጆች አይደለንም እንዴ?» አሉ። ይህ አስተያየት በግቢያችን ውስጥ ከምታስቡት በላይ ብዙ ደጋፊ ስላለው መልስ ሊሰጠው ይገባል እላለሁ።

አንደኛ፣ ጋሼ ያለበት አገር ሙሉውን ሒሳብ እንይ። ገዢው ሲገዛ ወንጀል እንዳለበትና እንደሌለበት ይጣራል፤ የመተኮሻ ቦታ በየከተማው አለ፤ አስተማሪ አለ፤ ቤት ውስጥ የሚቆለፍበት ሣጥን አለ። ይህ ሁሉ እያለ እ.ኤ.አ. በ2021 በዚያ አገር በጦር መሣሪያ የሞተው ሰው 48,830 ነው። ከግማሽ በላዩ ደግሞ ራሱን ያጠፋ ነው። ይህን ቁጥር ለጋሼ ስነግረው አልተከራከረም። እሱ ከሚያውቃቸው ሰዎች አንዱ ከእነዚህ እንደሆነ ነገረኝና ዝም አለ። ጥንቁቅ ሰው መኖሩ ዕቃውን አያስጠነቅቀውም።

ሁለተኛ፣ እኛ ዘንድ ስንመጣ ሥርዓቱ ሳይኖር ብረቱ ብቻ እየገባ ነው። በየኬላው ተያዘ እየተባለ በዜና የምንሰማው ሽጉጥ ብዙ ጊዜ የቱርክ ስሪት ነው። የጋሼም የቱርክ ነው፤ ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? የጋሼ ቁጥር አለው፤ የማን እንደሆነ ይታወቃል። በነዳጅ ቦቴ ሥር፣ በጤፍ ከረጢት ውስጥ ተሸጉጦ የሚገባው ግን ባለቤቱ የሚታወቀው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መያዝንም መነገድንም ከልክሏል። አዋጁ መኖሩ ጥሩ ነው። ግን አዋጅ እጅን አያሠለጥንም።

ሦስተኛውን ስጽፍ ያመኛል። የዛሬ አራት ዓመት በእናቴ አገር አንድ ሠርግ ላይ ነበርኩ። ሙሽራው ሲገባ እንደ ልማዱ ተተኮሰ። ተኳሹ ሽጉጡን የገዛው በዚያው ዓመት ነበር፤ ከዚያ በፊት በሕይወቱ ተኩሶ አያውቅም። ሁለተኛዋን ሲተኩስ እጁ ዝቅ አለበት። አጃቢ ከነበሩት አንዷ፣ ከእኔ ጋር የመጣች ልጅ፣ ትከሻዋ ተመታ። ተረፈች፤ ግራ እጇን ግን እስከ ዛሬ እንደ ልቧ አታነሣም። ተኳሹ መጥፎ ሰው አልነበረም። እያለቀሰ ተሸክሞ ያደረሳት እሱ ነው። ማንም ያላስተማረው ሰው ነበር። የጋሼን አራት ነገሮች ስሰማ የመጣችብኝ እሷ ናት፤ አራቱም በዚያች አንዲት ደቂቃ ውስጥ ተጥሰው ነበር። ወደ ሰማይ ቢሆንስ ኖሮ? የወጣ ጥይት መውረዱ ይቀራል እንዴ?

ስለዚህ በእኔ አስተያየት ጥያቄያችን «ለምን ሽጉጥ አይፈቀድልንም» የሚል መሆን የለበትም። የምንወርሰው ምንድን ነው ብለን እንጠይቅ። የሚወረሰው ሥርዓቱ ከሆነ፣ ሥርዓቱን ያለ ገዳይ ብረት መማር ይቻላል። ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ።

የመጀመሪያው ለትምህርት ክፍላችን ነው። በየቤቱ የአርበኛና የዘማች መሣሪያ ታሪክ አለ፤ ብረቱ ጠፍቶም ታሪኩ አለ። ሽማግሌዎቹ እያለፉ ነው። የቃኘው ዘማቾች ዛሬ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እያንዳንዳችን ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ስንፈልግ ከምንጨነቅ፣ መሣሪያ እንዴት ይያዝ፣ የት ይሰቀል፣ መቼ ይፈታ፣ ለማን ይተላለፍ እንደነበር ከእነሱ አፍ ብንቀዳስ? ስለ ዓድዋ ጠመንጃ ብዛት ብዙ ተጽፏል፤ ጠመንጃው ቤት ሲገባ እናትየው ምን ትል እንደነበር ግን እምብዛም አልተጻፈም።

ሁለተኛው፣ በሕግ ፈቃድ ላለውም ሆነ ለሚጠይቅ ሰው ነው። መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ተምረን እንፈተናለን። ሽጉጥም እንዲሁ በየጊዜው በሚታደስ የተግባር ሥልጠናና ፈተና ይታሰር። ቆልፎ የማያስቀምጥ ይነጠቅ። የአባቱን መሣሪያ ለመታሰቢያ ብቻ ማስቀመጥ የሚፈልግ ደግሞ በሕግ ፊት አስመዝግቦ፣ እንዳይተኩስ በባለሙያ አስደርጎ ማስቀመጥ የሚችልበት ግልጽ መንገድ ይኑረው። ያኔ ለአያቴ ጥያቄ መልስ ይኖረናል፤ የማይተኩስ ማስታወሻ።

ሦስተኛው እንጦጦን ይመለከታል። ፔይንትቦል ካለ የአየር ሽጉጥ ኢላማስ ለምን አይኖርም? በ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ውድድር የምትተኮሰው ፍሬ 4.5 ሚሊ ሜትር ናት፤ ባሩድ የላትም። የምትመታው የመካከሉ ክብ ስፋቱ 11.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ የአባባ ኮልት ጥይት ውፍረት ያህል ማለት ነው። ትንፋሽን መግታት፣ እጅን ማርጋት፣ ትዕግሥትን ይጠይቃል። ሴትም ወንድም ይወዳደርበታል። ይህ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ የገባው እ.ኤ.አ. በ1988 ሶል ላይ ነው፤ አባቶቻችን የተዋጉላት አገር ዋና ከተማ። እኛ በዚያ ኦሊምፒክ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወግነን አልተገኘንም። በሠለጠነ አሠልጣኝ፣ በታጠረ ቦታ፣ በግልጽ ደንብ ቢሠራ ወጣቱ የሚፈልገውን አልሞ የመምታት ደስታ ያገኛል፤ የማንንም ትከሻ ሳይመታ።

«ይሄማ መሣሪያን ማለማመድ ነው» የሚሉኝ እንዳሉ አውቃለሁ፤ የክፍል ጓደኛዬ እንዲያውም «ልጁ መጀመሪያ በአየር ይጀምርና መጨረሻው የት ነው?» ብላኛለች። ፍርሃቷ ተገቢ ነው። ነገር ግን ልጁ አሁንም እየተለማመደ ነው፤ ከፊልምና ከስልክ ጌም። ከዚያ የሚማረው መተኮስ ብቻ ነው። አፈሙዝ ዝቅ ማድረግን፣ ጣት ማውጣትን፣ ጠብ ባለበት ባዶ እጅ መሄድን የሚያስተምረው የለም። እኔ የምመርጠው ማቆምን የሚያስተምር ሰው ያለበትን ቦታ ነው።

ወደ ጋሼ ልመለስ። ከፔይንትቦል ወጥተን ስንወርድ ከመንገዱ ወጣ ብሎ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ያረጁ ባሕር ዛፎች ጉቶ አለ፤ አጠገባቸው አዲስ የተተከሉ የአገር በቀል ችግኞች። «እዚህ አካባቢ ይመስለኛል» አለ። ብረት የሚያሳይ መሣሪያ ይዞ መጥቶ ለመፈለግ አስቦ እንደነበር ያኔ ነገረኝ። «ብናገኘው ምን ታደርገዋለህ?» አልኩት። አሰበ። ፈቃድ የሌለው መሣሪያ ነውና ለፖሊስ ከማስረከብ በቀር ሌላ መንገድ እንደሌለው እሱም ያውቃል። «ባባ ሰባት ወር የታሰረው እንዳይገኝ ብሎ ነው» አልኩት። መልስ አልሰጠኝም። ትንሽ ቆየንና ወረድን።

አሜሪካ ከመመለሱ በፊት በነበረው ማታ አያቴ ቁም ሣጥናቸውን ከፍተው ማህደሩን አወጡ። ቆዳው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ መዝጊያው ግን አሁንም ይሠራል። ለጋሼ ሊሰጡት ነው ብዬ አሰብኩ፤ ወንድ ልጅ፣ ደግሞ ሽጉጡ እሱ ዘንድ አለ፤ ልክ ይገባ ነበር። አያቴ ግን ወደ እኔ ዘረጉት። «አንቺ ነሽ ትምህርቱን የምትማሪው፤ ምን እንደሚደረግ አንቺ ታውቂያለሽ» አሉኝ።

እውነቱን ለመናገር ገና አላወቅኩም። ለጊዜው በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ከእርጥበት አርቄ አስቀምጬዋለሁ፤ በአንደኛ ዓመት የተማርነው ይኼን ነው። ትምህርት ክፍላችን ለተማሪዎች ትንሽ የዕቃ ማሳያ መደርደሪያ ቢያዘጋጅ፣ የመጀመሪያውን ዕቃ እኔ አመጣለሁ። ከጎኑ በሚለጠፈው ወረቀት ላይ ምን እንደምጽፍ ግን ከወዲሁ አውቃለሁ፤ ባለቤቱ ሰባት ወር የታሰሩበት ባዶ ማህደር፣ 1969 ዓ.ም.።

የምትስማሙም የማትስማሙም ጻፉ፤ በሚቀጥለው እትም እንከራከራለን። ቸር ይግጠመን።